ሁለተኛውን ገጽ ያስቀረሁት እኔ ነኝ

ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጠራ። "እትዬ ብርነሽ አረፉ" አሉኝ። "የትኛዋ ብርነሽ?" አልኩ፤ ሌላ ብርነሽ የማውቅ ይመስል። ባለፈው ሳምንት እኮ ሽሮ ሜዳ አግኝተውኝ "ምነው ከሳህ፣ አትበላም እንዴ?" ብለው ተቆጥተውኛል! እውነት አልመስል ብሎኝ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ለማታውቋቸው፦ እትዬ ብርነሽ እዚህ ጉለሌ፣ እኛ ወረዳ፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። እኔ ደግሞ በሳቸው ስር የተቀጠርኩ ጀማሪ ባለሙያ።

የባለጉዳይ ፋይል ይዘን ስንገባ ወረቀቱን አያዩም። መጀመሪያ "ሰውየው ተቀምጠዋል?" ይላሉ። ቆመው ከሆነ መልሰው ይሰዱናል። አንዴ ወንበር ጠፍቶ የራሳቸውን እየገፉ ኮሪደር ድረስ ወጡ። እኛ አፋችንን ይዘን ሳቅን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የዛሬ ሰባት ዓመት ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የመሥሪያ ሼድ ሊሰጥ ነው፣ ስም ላኩ ተባልን። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ለመውጣት ተቻኩዬ ሁለተኛውን ገጽ ሳላያይዝ ላኩት። አስራ አንድ ሸማኔ ከነቤተሰቡ ቀረ። የማስገቢያው ቀንም አለፈ፣ በቃ።

ግምገማ ተጠራ። ግምገማ የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ጣቱን የሚቀስርበት ሰው ይፈልጋል። እኔ ወለል ወለሉን ሳይ እትዬ ብርነሽ ተነሱ። "ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። ማን እንዳዘጋጀው ሲጠየቁ "ፊርማው የማን ነው?" ብለው ቁጭ።

እኔስ? ጭጭ!

በወሩ ከኃላፊነት ተነስተው መዝገብ ቤት ተመደቡ። ከመሄዳቸው በፊት ግን እኔን ይዘው የሸማኔዎቹን ቤት በየተራ ዞሩ። ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ አዛውንት እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ ሳያወጡ ሰሟቸውና "ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ደጄ የመጣ ሹም ዛሬ ገና አየሁ" አሉ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እዚያም ዝም።

የቀሩትን የአስራ አንዱን ሸማኔዎች አዲስ ማመልከቻ ለሌላ ሰው ይሰጡታል ስል ለኔው ሰጡኝ። "ከእንግዲህ እዚህ ቢሮ ገጽ የሚቆጥር ሰው ቢኖር አንተ ነህ" አሉኝ። በሚቀጥለው ዙር አስራ አንዱም ገቡ።

ዛሬ ቡድን መሪ ነኝ። የአመራር ክህሎት ስልጠና እየተባለ ስንት አዳራሽ ገብቻለሁ፤ ፕሮጀክተሩ፣ የታሸገው ውሃ፣ ሰርተፍኬቱ። አምና ይባስ ብዬ እኔው አሰልጣኝ ሆንኩላችሁ! "መሪ ኃላፊነት ይወስዳል" የሚል ስላይድ ሳሳይ ትንሽ እንኳ አላፈርኩም። ቢሮ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ "ሸማኔዎቹን ያስቀሩት ሴትዮ" ይሏቸዋል። እየሰማሁ አልፋለሁ።

ይቅርታ ልጠይቅ ሸጎሌ ቤታቸው ስንት ጊዜ ሄድኩ መሰላችሁ። አፌ ላይ ይደርስና ስለ ልጆቼ ሲጠይቁኝ ወሬው ወደዚያ ይሄዳል። እኔም እፎይ ብዬ እወጣለሁ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ልበላችሁ።

የቢሮ ሰዎች፣ ገጹን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም። ሼር አድርጉት፣ አለቃዬም ይየው፣ የመጣው ይምጣ።

እትዬ ብርነሽ፣ ይኸው ተናገርኩ፤ እርስዎ በማይሰሙበት ቀን። ነገ ቀብርዎ ላይ ጋሽ አንጁሎ ይመጣሉ፤ አፈር ከመልበስዎ በፊት ለሳቸው በአፌ እነግራቸዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ እርስዎ ተወቅሰው እኔ ተከበርኩ። በሕይወት እያሉ አንዲት "እኔ ነኝ" አቃተችኝ።

ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ። ከአሁን በኋላ ጥፋቴን እኔው እሸከመዋለሁ፤ እርስዎ ይረፉ።