ልጄን ከሰው ዓይን ስሰውር

የመጀመሪያ ልጄ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አጎንብሶ ሲፈታና ሲገጥም ወገቡ አለቀ። ብስክሌት ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ሲያቅተው በየደንበኛው ቤት መዞሩም ቀረ። እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አያውቅም። አንድ ክረምት በረንዳው ላይ ሲያንኳኳ ከርሞ፣ ጋደም ብለው እግርን ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዱት ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ሠራ።

መቀመጫው ከተጣለ የሽቦ ወንበር የተወሰደ ነው። ሽቦው ሲቆረቁረው ፈታውና በአሮጌ የመኪና ቀበቶ ጠለፈው። ረጅሙ ሰንሰለት ሱሪውን እየነከሰ ሲያስቸግረው በውኃ ማጠጫ ቱቦ ውስጥ አሳለፈው። አንድ ነገር ሳይነካካ የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም። መጨረሻ ላይ ከመቀመጫው ጀርባ ረጅም ዘንግ ተከለና ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ።

«ዝቅ ብዬ ስለምሄድ ሹፌሮች እንዲያዩኝ ነው» ብሎኛል። አልነገረኝም ማለት አልችልም።

እኔን ያበሳጨኝ ያ ዘንግ ነው። ልጄ ገና መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ጨርቁ ከአጥሩ በላይ ይታያል፤ ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ይወጣል።

«እማማ፣ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ ሥራ ይሄዳል፤ የእርስዎ ልጅ ከነአልጋው ይሄዳል!» አለችኝ ባለሱቋ።

እሱ ከት ብሎ ሳቀ። «ምን ላድርግ እትዬ፣ መኝታ ስወድ!» እኔ ግን በሩን ዘግቼ ገባሁ።

አንድ ማለዳ ዘንጉን ነቅዬ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሸጎጥኩት። ጨርቁ ከሌለ ማንም ልብ አይለውም ብዬ ነው። ልጄ ፈልጎ ሲያጣው፣ ደንበኛ እየጠበቀችው ስለነበር እንዲሁ ወጣ። ከአንድ መጋዘን በር የኋሊት የወጣች ፒካፕ ገጨችው። ሹፌሩ «በመስታወት ምንም አልታየኝም» እያለ ሲያለቅስ ነበር አሉ። የልጄ ግራ እጅ ተሰበረ፤ አንዱ የፊት ጎማም ተጣመመ።

እጁ በጀሶ ታስሮ ሲገባ «ዘንጉን የሆነ ደንበኛ ቤት ረስቼው ነው» አለ።

ሾርባ አጠጣሁት፤ ትራሱን አስተካከልኩለት። «እግዜር ይስጥልኝ እማዬ» ባለኝ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኝ ነበር።

በሳምንቱ «ልሸጠው ነው፤ ነገ ገዢ ይመጣል። የሚረሳ ሰው መንገድ ላይ ምን ይሠራል?» አለ። ብስክሌቱ ከሄደ እሱም ከቤት እንደማይወጣ ገባኝ።

በስተርጅና ፊደል ቆጥሬያለሁና እውነቱን ጽፌ ትራሱ ሥር ላኖርለት አሰብኩ። «ልጄ» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ አላለፍኩም። ወረቀቱን ቀድጄ እሱ ወደተኛበት ገባሁ።

«ዘንጉን አልረሳኸውም። የደበቅኩት እኔ ነኝ። ሲስቁብህ አላስችል ብሎኝ ነው።»

«የሚስቁት በእኔ! አንቺ ምን ነካሽ?»

«እናት ነኛ።»

«መኪና እኮ ሲገጭ እናቱ ማናት ብሎ አይጠይቅም!»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ራትም አልበላ። በነጋታው ገዢውን «አይሸጥም፤ ስላለፋሁህ ይቅርታ» ብሎ መለሰው።

ከዚያ ወዲህ በአንድ እጁ ጎማውን ሲያቃና ይውላል። «ልያዝልህ?» ስለው «ተይው» ይለኛል። እኔም ከበሩ አልሄድም። ትናንት ብሎኑ አልላላ ሲለው ቀና ብሎ አየኝና፣ ጎማውን ወደ እኔ ገፋው። ይቅር አለኝ አላልኩም፤ ጎማውን ያዝኩለት ነው ያልኩት።