የካህናቱ ቤት መስኮት

ሽማግሌው በበጋ ሙቀት እንኳ የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ አይፈቱም። ከካቴድራሉ ጎን ያለውን ጥንታዊ የካህናት ቤት የምትጠብቀው ኦርሶላ ስማቸውን አታውቅም። ብዙ ጊዜ መጥተው ከግቢው በር ቅስት ፊት ይቆሙና ወደ ላይኛው ፎቅ መስኮት አንጋጠው አይተው ይሄዳሉ። ካቴድራሉ ውስጥ ግን ገብተው አያውቁም።

ዛሬ አሳዘኗትና ነገረቻቸው።

"ያችን መስኮት ሊደፍኗት ነው አባባ። ቤቱ ሲሠራ አልነበረችም፣ ኋላ የተከፈተች ናት ብለው።"

"ልጄ፣ አንዴ ልያት?"

ፎቁ ለጎብኚ ዝግ ነው። ከፈተችላቸው። ጨለማውን ደረጃ እንደ ገዛ ቤታቸው ወጡት፤ ዝቅ ያለው በር ጋ ሳይደርሱም ጎንበስ አሉ። መስኮቷ ከአደባባዩ ማዶ ያለውን ዳቦ ቤት ታሳያለች።

"እዚህ ቆሜ የማታ ጸሎቴን ስደግም እሷ ክንዷ ዱቄት እንደነካው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትስቃለች" አሉ። "የት እንደደረስኩ ጠፋብኝ።"

"ታዲያ ጨረሱት?"

"አልጨረስኩትም። ቅስናዬን ትቼ አገባኋት።" መዳፋቸውን በመስኮቷ ድንጋይ ላይ አሳረፉ። "እስካለፈው ገና ድረስ አብራኝ ነበረች።"

ግንበኛው ቱሊዮ መስኮቷን የሚደፍንበትን ጭቃ አቡክቶ ከታች ተጣራ።

"ኦርሶላ! ልጀምር ወይ?"

ፈጥና ወረደች።

"መጀመሪያ ምሳህን ብላ።"

"አሁን በላሁ እኮ!"

"እንግዲያው ድገማ!" አለችውና ወደ ላይ መውጫውን ዘግታበት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።