እናቴ ከሰንሰለቱ ፊት

ልጅ ሳለሁ፣ የዚያን ቀን ትራክተሩ ጋ የነበርነው አባቴ፣ እናቴ፣ መካኒኩ ጋሽ ዩሱፍና እኔ ነን። ዛሬ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤቴ ልጄ ሄኖክ ትቶት የሄደውን ቱታ ሳጥብ የግራሶው ሽታ ወደዚያ መለሰኝ።

አሮጌው ባለ ሰንሰለት ትራክተር እጀታው ቢሳብም ሞተሩን ከሰንሰለቱ የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን አልለቅ ብሎ ነበር። አባቴ ሥሩ ተኝቶ የእጀታውን ማያያዣዎች የሚይዙትን፣ ያለቁትን ፒኖች ይቀይራል። ጋሽ ዩሱፍ ማያያዣዎቹን በጣቱ እየነቀነቀ፣ "እያንዳንዱ የላላው ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን ሰው ይበላል" አለ። እኔ የትራክተሩን ጥርስ ፈለግሁ።

ጋሽ ዩሱፍ ሊሞክረው ወንበሩ ላይ ሲወጣ እናቴ ከሰንሰለቱ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ባሌ ከሥሩ ሳይወጣ ሞተር አይነሳም።"

"ወላሂ እህቴ፣ ከትራክተሩ አንቺ ትከብጃለሽ።"

"ልክበዳ።"

አባቴ እየሳቀ ወጣ። እናቴም ተነስታ፣ እጄን ይዛ ራቅ አለች። ሞተሩ ሲነሳ ፍሪሲዮኑ አሁንም አልለቀቀም፤ ትራክተሩ ዘሎ አባቴ ተኝቶበት የነበረውን ካርቶን ጨፈለቀው። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

ሄኖክ እንደዚያው ያለ ትራክተር ሊጠግን ዋሂል ከሄደ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። እዚያ እንደ እናቴ ከሰንሰለቱ ፊት የሚቀመጥለት ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ከዋሂል የምትመጡ ካላችሁ፣ አይታችሁት እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።