የድርቆሹ ዘንግ

አጎቴ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ድርቆሽ ከከመሩ በኋላ በየጠዋቱ ረጅም ዘንግ እክምሩ መሀል ይሰዱ ነበር። እርጥብ ሣር ከታመቀ ከውስጥ ይግላል፤ ይነድዳልም። ዘንጉን ጥቂት አቆይተው ይመዙና ጫፉን በመዳፋቸው ይጨብጣሉ። ካቃጠላቸው ክምሩን ያስፈርሱታል። «ወላሂ፣ ዳሩን ዳስሰህ እንዳታምነው» ይሉኝ ነበር።

እኔ ኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የኬሚካል ዱቄት እያሞቅሁ የሙቀት ጠባዩን እለካለሁ። አንድ ጊዜ የናሙናውን ዕቃ ከልክ በላይ ሞላሁት። መለኪያው የዕቃውን ሥር ብቻ አነበበ፤ መሀሉ ግን ሙቀቱም ጋዙም መውጫ አጥቶ በራሱ ግሎ ነበር። ለአጎቴ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ዘንግ የላችሁማ!»

ባለፈው ጁምዓ አሞኛል ብለው ተኝተው አገኘኋቸው። ግንባራቸውን ዳሰስኩ፤ ቀዝቃዛ ነው።

«ትኩሳት የለብዎትም» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ። በል ሂድ፣ ሥራህ እንዳይበደል።»

ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። በማግስቱ ቀበርናቸው።

ዘንጉ ከበሩ ጀርባ እንደቆመ ነው፤ የዘንድሮውን ክምር የሚወጋው የለም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ምን አመማቸው?» ይለኛል። እኔ የማውቀው ግንባራቸውን ብቻ ነው።