የጥሩሸዋ ጀርባ

ጥሩሸዋ ከወገቧ የጎበጠችው ገና በወጣትነቷ ነው። በመንደሯ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ በምን እንደ ጎበጠች ግን አንድም ሰው አንስቶ አያወራም። ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጓሳው የሣር ሜዳ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ሱፍ እየፈተለች ትኖራለች፤ ፈትሏን ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔዎች ይገዟታል። ስትሄድ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ሰላም ያላትን ሰው በመጀመሪያ በጫማው ትለየዋለች፤ ፊቱን ማየት ካሰኛት አንገቷን ወደ ጎን ጠምዘዝ ማድረግ አለባት። ይህን ለሁሉም ሰው አታደርገውም ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቷ ገበያነሽ ከቀየት ስትመለስ ገና ከአጥሩ ውጭ ሆና ተጣራች።

«አንቺ ጥሩሸዋ! ቀየት ላይ ተሰቅለሻል!»

«ምን አጥፍቼ?»

«በወረቀት ነው እቱ! ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ፣ ከነጀሪካንሽ። ሰው እንደ ሙሽራ ከቦሻል።»

«ማን አንስቶኝ?»

«ያ ባለ መነጽሩ ልጅ ነዋ፣ ቴዎፍሎስ። ፓምፑ ጋ ቆሞ ጠጋ በሉ፣ ዞር በሉ ሲልሽ አልነበር?»

ጥሩሸዋ አስታወሰች። ልጁ የሚያነሳው ፓምፑን መስሏት ነበር።

በማግስቱ እሷም ወርዳ አየችው። ፎቶው ከጎን የተነሣ ነው፤ ከጀርባዋ በቀር ጎልቶ የሚታይ ነገር የለውም። ማንበብ ስለማትችል ከሥሩ በቀይ የተጻፈውን የጤና ኬላው ዘበኛ አነበበላት። «ፍሎራይድ አጥንት ያጎብጣል! የጉድጓድ ውሃ ይብቃን! ንጹሕ የምንጭ ውሃ ለደጋው!» ይላል።

«ፍሎራይድ ማነው?»

«ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ነው። በዓይን አይታይም።»

«እና እሱ ነው እኔን የጎዳኝ?»

«ወረቀቱ እንደዚያ ይላል።»

«ወረቀቱ የት ያውቀኛል?»

ዘበኛው ሊስቅ ፈልጎ ተወው።

ነገሩ ከባዶ የተነሣ አልነበረም። በስምጥ ሸለቆ በኩል ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ የልጆችን ጥርስ እንደሚያበልዝ፣ ለረጅም ዘመን ሲጠጣም አጥንት እንደሚያጣምም የታወቀ ነው። ዝዋይ አካባቢ በውትድርና የኖረ አንድ የመንደሩ ሰው የበለዘ ጥርስ በዓይኑ ማየቱን በገብርኤል ስም ምሎ መሰከረ። የዚህኛው ጉድጓድ ውሃ ግን ተመርምሮ አያውቅም። ጉድጓዱ የተቆፈረውም ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ነው፤ ያኔ ጥሩሸዋ ከጎበጠች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። ወረቀቱን ያሳተመው ከጓሳው ሥር ምንጭ ጠልፎ በቧንቧ ለማውረድ ገንዘብ የሚያሰባስብ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ምንጩ መልካም ነው ለማለት ጉድጓዱን መጥፎ ማድረግ ቀሎት ነው።

ሰው ግን ፈራ። መስተዋት ያለው ጥርሱን በመስተዋት ሲያይ ሰነበተ፤ የሌለው ደግሞ «እስቲ እይልኝ» እያለ ለጎረቤቱ አፉን ይከፍታል። ፓምፑ ጋ ይሰለፉ የነበሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን አዝለው ወንዝ ድረስ መውረድ ጀመሩ። ገበያነሽም አብራ ትወርዳለች፤ ስትመለስ ግን እያለከለከች «አጥንቴ ሳይጎብጥ ነፍሴ ሊወጣ ነው» ትላለች።

ጥሩሸዋ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደች። የተቀበላት ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበር፤ ወንበር ስቦ ሰጣት።

«እማማ፣ ወረቀቱን የለጠፍነው እኛ አይደለንም። ማኅበሩ እሑድ መንደራችሁ ድረስ መጥቶ ስለ ቧንቧው ሕዝብ ያወያያል። አቤቱታዎን እዚያ ያሰሙ፤ እኛም ሰው እንልካለን።»

«ይሰሙኛል?»

«በምን እንደ ጎበጡ የሚመሰክርልዎ እማኝ ካለ ለምን አይሰሙም?»

እሷን መንገድ ሁሉ ያሳሰባት ይህ ነው። እማኝማ ነበረ፤ ሞልቷል።

ንጉሡ ሳይወርዱ፣ ጓሳው በአባቶች ሕግ በሚጠበቅበት ዘመን፣ ሜዳው ተዘግቶ ሲከርም አንድ ነዶ ሣር ያጨደ ይቀጣ ነበር። አንድ ዓመት ሣሩ በስርቆት ታጨደና አገሩ ለአውጫጭኝ ተጠራ፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ የማይገባበት ሸንጎ ነው። ሁሉም በየተራ «አላየሁም» ብሎ ማለ። ጥሩሸዋ ባሏ ቆላ ወርዶ በንዳድ ስለሞተባት የቤቱ ተጠሪ እሷ ነበረች፤ ተራዋ ሲደርስ ስም ጠራች። የጠራችው ፊት ለፊቷ የሚኖረውን ተክለጻድቅንና ወንድሙን ነው። ተቀጡ፤ ሸንጎውም ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን የሚመልስላት ሰው አነሰ።

ክረምቱ ሲቃረብ የጎጆዋ ክዳን አርጅቶ ያፈስስ ጀመር። ጠላ ጠምቃ ለክዳን ደቦ ጠራች። ከወንዶቹ አንድም አልመጣም። ጠላው ሆመጠጠ። ሴት ጣራ ላይ መውጣቷ በሚያስነውርበት አገር መሰላሉን ራሷ አቁማ ወጣች፤ ሣሩን ጉልላቱ ሥር ስታስር እግሯ ዳጠና በካቡ ላይ ወደቀች። ያነሷት የሩቅ አገር መንገደኞች ናቸው። ስታገግም ወገቧ አልቀና አለ፤ መንደሩም ነገሩን ላለማንሳት ሳይማከር ተስማማ።

ከእሑዱ ስብሰባ በፊት ተክለጻድቅ ቤቷ ድረስ መጣ። አሁን ሽማግሌ ነው፤ የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበርም እሱ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ ከዘራውን ተመረኮዘ።

«ጥሩሸዋ፣ አቤት ልትይ ነው አሉ። ተይው። አገር ነው የሚለምንሽ።»

«አገር ቤቴን ዛሬ ነው ያወቀው?»

«ተይ እንግዲህ። ያ ሥዕል ብዙ ገንዘብ አምጥቷል ይላሉ። ቧንቧው ከገባ ሁላችን እንጠጣለን፣ አንቺም ትጠጫለሽ። ዝም ብትይ ምን ይጎድልብሻል?»

«አያ ተክለጻድቅ፣ እርስዎም ውሃው ነው ይላሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ማኅበሩ ነው ያለው።»

«ማኅበሩማ አላየኝም። የእርስዎ ደጃፍ ግን ከደጃፌ ፊት ለፊት ነው።»

ሽማግሌው ከዘራውን አንሥቶ ሄደ። ገበያነሽ በአጥሩ በኩል ሁሉንም ስትሰማ ነበር።

«ለነሱማ ፍሎራይድ ከሰማይ የወረደ ምሕረት ነው!» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀመጠ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ናቸው። የማኅበሩ ሠራተኛ ቴዎፍሎስ ስለ ቧንቧው ተናግሮ ሲጨርስ ጥሩሸዋ ተነሣች።

«አቤት!» አለች። «ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ውሃ ጎዳት ብላችኋል። ውሃ አይደለም። ከጣራ ወድቄ ነው። ይውረድልኝ።»

ቴዎፍሎስ መነጽሩን አስተካከለ። «እማማ፣ ፍሎራይድ አጥንት ይጎዳል ማለት እኮ ውሸት አይደለም። በሌላ አገር በእርግጥ የሆነ ነው።»

«እንግዲያው የዚያን አገር ጀርባ ለጥፍ።»

ሕዝቡ ሳቀ። ቴዎፍሎስንም ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ሰበሰበው። ማኅበሩ ያሳተመውን በአንድ ሰው ቃል ብቻ ማንሳት እንደማይችል አስረዳ። «እማኝ ይኖርዎታል?» አለ።

«እማኞቼ እዚሁ ተቀምጠዋል። ስም ግን አልጠራም። አንድ ጊዜ ጠርቼ ነበር።»

ይህን ብላ ተቀመጠች። ከወንዶቹ ወገን አንዱ ጭራሮ በእጁ ይሰባብራል፣ ሌላው የጋቢውን ጥለት ይቆጥራል። ከወረዳው የተላከው ሰው ነገሩ ስላልገባው ግራ ቀኝ ይመለከታል። በመጨረሻ ተክለጻድቅ ተነሣ። ሁሉም ስብሰባውን ሊዘጋ መስሎት ነበር።

«ከጣራ ነው የወደቀችው» አለ። «ይኸው መሰከርሁ። አሁን ወደ ቧንቧው እንለፍ።»

«አያ!» አለች ገበያነሽ ከሴቶቹ መካከል። «ጣራ ላይ ምን ልታደርግ ወጣች?»

«ልትከድን።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«ምነው፣ በአገሩ ወንድ ጠፍቶ ነበር?»

ተክለጻድቅ ከዘራውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ አዛወረ።

«ወንድስ ነበረ» አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «እኔም ነበርሁ» አለ። ሊቀመጥ ሲል አጠገቡ ያለው ሰው ደገፈው።

ከዚያ በኋላ ስለ ቧንቧው ብዙ የተናገረ የለም።

ወረቀቱ በዚያው ሳምንት ወረደ። ቧንቧው በዚያ ዓመት አልገባም፤ ገንዘብ ሰጪዎቹ ሥዕሉ ውሸት መሆኑን ሲሰሙ ሌላውንም ነገር መጠራጠር ጀመሩ ተባለ። «አንዲት ጎባጣ ውሃችንን አስቀረችብን» ብሎ ያጉረመረመ ሰው ነበረ፤ እሷ ባለችበት ግን አይደለም። ከሴቶቹ ግማሾቹ ወደ ፓምፑ ተመለሱ፤ ግማሾቹ ወንዝ መውረዱን ለመዱት።

ሌላ ጊዜ ቴዎፍሎስ ካሜራውን አንግቶ ከደጃፏ መጣ። አፍሮ ነበር፤ ይቅርታም ጠየቃት።

«ማስተካከያ እናወጣለን፣ እማማ» አለ። «ከፓምፑ ሲጠጡ አነሣዎታለሁ። ከሥሩ ‹ይህ ውሃ ምንም አልጎዳኝም› ብለን እንጽፋለን። ሕዝቡ እርስዎን ያምናል።»

ጥሩሸዋ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አኖረች።

«አለመጉዳቱን በምን አውቃለሁ?»

«ራስዎ እኮ ነዎት ውሃው አይደለም ያሉት።»

«ስለ ጀርባዬ ተናገርሁ እንጂ ስለ ውሃው መቼ ተናገርሁ? ደግ ይሁን ክፉ አላውቀውም። ነገ የአንዱ ልጅ ጥርስ ቢበልዝ፣ ጥሩሸዋ ናት ጠጡ ያለችን ሊሉኝ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አስመርምረዋ፣ ልጄ! የተማርህበት አይደለም እንዴ? ለዚያ እኔን ምን አስፈለገህ?»

ቴዎፍሎስ ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰ። ከዚያም ለናሙና የሚሆን ንጹሕ ጠርሙስ ሊለምን ወደ ጤና ኬላው ወረደ።