የሓድነት ወንዝ

ባለፈው ሳምንት ዓዲ ሓቂ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጬ ወፍ ሲዘምር ሰማሁ። ቀና ብዬ ጣሪያ ጣሪያውን ስፈልግ፣ ለካ አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ ስልክ ነው። ልጅቷ አንስታ ማውራት ጀመረች። እኔ ግን ወደ ስምንተኛ ክፍል ተመለስኩ፤ የጠመኔ ብናኝ የማይለየው የቲቸር ሓጎስ ቡናማ ኮት ፊቴ ድቅን አለ።

ቲቸር ሓጎስ ሰፈራችን ሓድነት ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምሩን ነበር። አንድ ቀን አንድ የድሮ የፈረንጅ ግጥም እያነበቡ በአማርኛ ተረጎሙልን። ገጣሚው የፋብሪካ ደወል ከመጣ ወዲህ ሰው ወፍ መስማት ተወ እያለ ያማርራል። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ነገ ጠዋት፣ ሰው ሳያናግራችሁ በፊት የሰማችሁትን ጽፋችሁ ለሰውዬው መልሱለት» አሉ። የቤት ሥራቸው ሁሌም እንዲህ ነበር፤ ለሞተ ሰው ደብዳቤ ያስጽፉናል።

እኔ ደግሞ እንቅልፍ እወድ ነበር። አርፍጄ ተነሳሁና ቁርሴን እየጎረስኩ፣ የወንዝ ድምፅ ቀሰቀሰኝ ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። ቲቸር አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ሓድነት ውስጥ ወንዝ አለ እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሳቸው አልሳቁም። ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ከአሥር» ብለው ጻፉ፤ ቁጥሩን ግን ሳይሞሉ መለሱልኝ።

«ስትሰሚ ታመጪልኛለሽ።»

አላመጣሁላቸውም። ወረቀቱን ግን አፍሬም ቢሆን አልጣልኩትም።

ዓመታት አለፉ። መብራቱም ስልኩም የጠፋበት፣ መንገዱ መኪና የናፈቀበት ያ የጦርነት ጊዜ መጣ። እህቴ አዲስ አበባ፣ እኔ እዚህ፤ በሕይወት መኖሯን እንኳ የምጠይቅበት መንገድ አልነበረም። በየጠዋቱ የሚንጫጩት ወፎች ብቻ ነበሩ። አንድም ሳይቀር ሰማኋቸው። እንደዚያ ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። አንድ ጠዋት ወረቀቱን ፈልጌ አወጣሁና ከወንዜ ሥር ለገጣሚው ጻፍኩ፦ «ጌታዬ፣ ወፎቹን ሰማኋቸው። እውነትም ያምራሉ። እኔን ግን የስልክ ጩኸት ናፈቀኝ።»

ስልክ የተመለሰ ዕለት መጀመሪያ እህቴ ጋ፣ ቀጥሎ ቲቸር ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ልጃቸው ነበረች።

«ኣቦይ እኮ ዐርፏል፤ ዓመት ሞላው» አለችኝ። «በምን ደውለን ለሰው እንንገር?»

ካፌው ውስጥ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አየሁት። ቀዩ «ከአሥር» ደብዝዟል። ፊቱ ያለውን ክፍት ቦታ የሚሞላልኝ ሰው የለም።