የዐሞ ሸውቂ አራት መቶ ሰዎች

ዐሞ ሸውቂ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በግብፅ በታንታ ከተማ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሥራቸው ከመስኮቱ ኋላ ነው፤ ሰው ፊት ሲቆሙ ቃል ይጠፋባቸዋል። የእጅ ጽሑፍ በማንበብ ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም። በዝናብ የራሰ ወይም በእርሳስ የተሞነጫጨረ አድራሻ ሲመጣ ባልደረቦቻቸው ወደ እሳቸው ጠረጴዛ ይወረውሩታል።

ልጃቸው ሂልሚ የዩኒቨርሲቲ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ «ዐሞ»፣ አጎቴ፣ የምላቸውም ለዚህ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2001 የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ሳለን፣ በእጅ የተጻፉ ቁጥሮችን አንብቦ ደብዳቤ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም አብረን ሠራን። ሐሳቡ የመጣለት ከአባቱ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ የሚማረው ከሰው እጅ ስለሆነ፣ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ተደጋግሞ የሚጻፍበት ቅጽ አባዛን፤ ከታች የጸሐፊው ዕድሜና ሥራ ይሞላል። ሦስት መቶውን ግቢ ውስጥ አስሞላን። የተማሪ እጅ ብቻ እንዳይሆን ሂልሚ አራት መቶውን ለአባቱ ሰጠ።

«አባዬ፣ ፖስታ ቤት የሚመጣውን አስሞላልኝ። ገበሬውንም፣ ነጋዴውንም፣ አሮጊቷንም።»

«አንተ ብቻ እዘዝ፣ ባሽሙሃንዲስ!» አሉ። ኢንጂነር ማለታቸው ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው የሚጠሩት።

በአምስት ሳምንት አራት መቶውም ቅጽ ተሞልቶ ተመለሰ። ፕሮግራሙ ከመቶ ዘጠና ስምንቱን በትክክል አነበበ። መምህራችን ዶክቶር ፉኣድ ሥራውን እስክንድርያ ለሚደረግ ጉባኤ ላኩት፤ ተቀባይነት አገኘ። በትምህርት ክፍሉ የረዳት መምህርነት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ሂልሚ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ነበርን። ጉባኤው በደህና ካለፈ ቦታው የሂልሚ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የጉባኤው ዕለት ጠዋት ባቡር ጣቢያ ስንገናኝ ዐሞ ሸውቂ አብረውን ሊሄዱ ጥቁር ሱፍ ለብሰው መጡ።

«ልትድረኝ ነው እንዴ?» አላቸው ሂልሚ።

«ከዚህ በላይ ምን ሰርግ አለ! የቁርስህን ፉል ሸሚዝህ ላይ እንዳታፈስ።» ወደ እኔ ዞሩ። « ረባብ፣ ይሄ ልጅ ሲያወራ ይሮጣል፤ ሲብስበት ከኋላ ጎተት አርጊው።»

ጉባኤው ላይ ግን አልሮጠም። ረጋ ብሎ፣ አሳምሮ ተናገረ። ከፖስታ ቤቱ የመጡትን ቅጾች ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ ደርድረናቸው ስለነበር፣ ከካይሮ የመጡት አሮጊቷ ዶክቶር ኢስማት እሱ ሲናገር አንድ በአንድ ያገላብጡ ነበር። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ሦስቱን ይዘው ተነሡ።

«ጎበዝ ልጅ፣ ጥሩ ተናግረሃል። አንድ ነገር ብቻ አስረዳኝ። ይሄ ቀለም ቀቢ ነው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ። ይቺ ባሏ የሞተባት፣ ስልሳ አንድ። ይሄ የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ። አራት ቁጥራቸው ይለያያል፣ ሰባት ቁጥራቸው ይለያያል። ዜሯቸው ግን አንድ ነው።»

በእኛ በዐረብኛው አጻጻፍ ዜሮ ነጥብ ናት። በእነዚያ ቅጾች ላይ ነጥቧ እንደ ሩዝ ፍሬ ወደ ግራ ተስባለች።

«ሰው ነጥብ ሲያደርግ አያስብበትም» አሉ። «ይኸው አራት መቶ ሰው አንድ ዓይነት ነጥብ አድርጓል። ማን ነው የሞላው?»

ሂልሚ ቅጾቹን ተቀብሎ አየ። ቤታቸው ግድግዳ ላይ አባቱ የጻፏቸው የስልክ ቁጥሮች በሙሉ ያቺ ነጥብ ነበረችባቸው፤ እኔም አይቻታለሁ። ቀና ብሎ ወደ መጨረሻው ረድፍ ተመለከተ። ዐሞ ሸውቂ የፊት ለፊቱን ወንበር ጨብጠው ግማሽ ተነሥተዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣቸውም።

«እኔ ነኝ» አለ ሂልሚ። «ጊዜ አጠረኝና ራሴ ሞላኋቸው።»

አንድ ሰው ሳቀ። ዶክቶር ፉኣድ ብዕራቸውን ከድነው ወጡ።

ስንመለስ ባቡሩ ደማንሁር ከተማን አለፈ።

«ማንን ልጠይቅ?» አሉ ዐሞ ሸውቂ። «ወደ ሰዉ ወጣሁ። የመጀመሪያው ‹የኔ እጅ ጽሑፍ ለመንግሥት ምን ያደርግለታል?› አለኝ። ሁለተኛው ‹ፖሊስ ነህ?› አለኝ። አፈርኩ። ሦስተኛ አልጠየቅሁም። እንዴት እንደሚጽፉ አውቀው የለ ወይ አልኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አንብቤያቸዋለሁ። በግራ እጄም ጻፍኩ እኮ። ቀለም ቀቢው እውነተኛ ሰው ነው፣ በየወሩ አስዩጥ ላለች እናቱ ይጽፋል።»

«በቃ አባዬ።»

«ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«ታዲያ ስምህን ልጥራ?»

ታንታ ስንወርድ ሂልሚ ወደ ጎን ሳበኝ። «ረባብ፣ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ። በእናትሽ ማይልኝ።» ማልኩለት።

ሂልሚ ተመረቀ፤ ቦታው ግን ለእኔ ተሰጠ። እሱ ኩዌት ሄዶ ኮምፒውተር የሚጠግን ሱቅ ውስጥ ተቀጠረ፣ እዚያው ቀረ። በመስከረም ዐሞ ሸውቂ ያንኑ ሱፍ ለብሰው አዲሱ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

«የኮሌጁ ዲን ዘንድ ሄጄ የሞላሁት እኔ ነኝ አልኩ። ‹አባት ነህ፣ ለልጅህ ትዋሻለህ› አለኝ። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ሁለት መስመር ጻፊላቸው፣ ልጄ። አንቺን ያምኑሻል።»

«አስምሎኛል፣ ዐሞ ሸውቂ።»

እውነት ነበር። ግን ባያስምለኝም ኖሮ እጄ ብዕር የሚያነሣ አይመስለኝም፤ የተቀመጥኩበት ወንበር ልጃቸው ያጣው ነበር። እሳቸውም ወንበሩን አዩት፣ ከዚያ እኔን።

«ሻይ ላስመጣልዎት» አልኩ።

«አይ፣ ሥራ አትፍቺ» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ።